አንባቢ «እንዲህ አልነበረም» ሲል፦ በልብ ወለድ የቱ ይፈጠራል? የቱ አይነካም?

ጠብታ
ሰላም ለሁላችሁ። ረጅም ልብ ወለድ እየጻፍኩ ነው። ታሪኩ አዲስ አበባ ውስጥ ከየካቲት 1966 እስከ ኅዳር 1967 ዓ.ም. ይዘልቃል። ባለታሪኮቼ የታወቁ ሰዎች አይደሉም። አንድ የታክሲ ሹፌር፣ ሚስቱ፣ ልጆቻቸውና ጎረቤቶቻቸው ናቸው። ሰፈራቸው «ወይራ ሥር» ይባላል። ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ ቀበና ሲኬድ ባለው አካባቢ አስቀምጬዋለሁ። እንዲህ የሚባል ሰፈር እዚያ የለም። የፈጠርኩት ነው።

ረቂቁን ለተወሰኑ ሰዎች ሰጥቼ አስነበብኩ። ስለ ባልና ሚስቱ ያነሳልኝ ሰው ጥቂት ነው። የሚበዛው ጥያቄ ሌላ ነው። «ወይራ ሥር የት ነው?» «በዚያ ዘመን ታክሲው ምን ዓይነት መኪና ነበር?» «ያን ማታ ጨረቃ ነበረች ወይ?» አንዱ ስለ አንዲት ሱቅ ብቻ ረጅም ማስታወሻ ጽፎልኛል።

ከሁሉ የሚያስጨንቀኝ መጽሐፉ የቆመበት ምዕራፍ ነው። ቀኑ መስከረም 1 ቀን 1967፣ የእንቁጣጣሽ ማታ። ንጉሡ ሊወርዱ አንድ ሌሊት ቀርቷል። ቴሌቪዥን ያለው አንድ ቤት ውስጥ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቧል። ዶሮ ወጥ ቀርቧል። የወሎ ረሃብ ፊልም ይታያል። ከዚያ ባልና ሚስቱ ተኳርፈው በጨረቃ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ።

የቱን ማጣራት አለብኝ? የቱን እንደ ልቤ ልፍጠር? ሁሉን ላጣራ ካልኩ መጽሐፉ አያልቅም።

ነጻ ብዕር
እህቴ፣ ጻፊ። ታሪክ የፈለገ ሰው የታሪክ መጽሐፍ ይግዛ። አንቺ የባልና ሚስት ኩርፊያ ነው የምትጽፊው። ኩርፊያውን እውነት ካደረግሽው ማን ስለ ጨረቃ ይጠይቃል? ስንት ጥሩ ጸሐፊ «ቆይ ላጣራ» እያለ ረቂቁን መሳቢያ ውስጥ አስቀርቶታል። አንባቢን መፍራት ከጀመርሽ አረፍተ ነገርሽ ሁሉ ይቅርታ የሚጠይቅ ይመስላል።

ነቃሽ
ስለ ጨረቃ ከሚጠይቁት አንዱ እኔ ነኝ። ስለዚህ ለምን እንደምጠይቅ ልንገራችሁ።

አንድ ልብ ወለድ አነበብኩ። ወጣቱ በ1963 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሊመዘገብ ይሄዳል። በጣም የሚወደድ ልጅ ነው። እናቱ፣ ጫማው፣ ፍርሃቱ፣ ሁሉም ይታየኛል። ከዚያ መዝጋቢው ፊት ይደርስና የቀበሌ መታወቂያውን ያወጣል። ቀበሌ የመጣው በሐምሌ 1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ከተወረሰ በኋላ ነው። የበሩም ጽሑፍ «አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ» ይላል። በዚያ ጊዜ ግን ስሙ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ነበር።

እዚህ ላይ የገረመኝን ልንገራችሁ። ጸሐፊው ሙሉ ሰው ከነእናቱ ፈጥሮ አመንኩት። አንድ መታወቂያ ፈጥሮ ግን አላመንኩትም። ለምን? ልጁ የማንንም ቦታ አልወሰደም። በ1963 ስማቸው ያልተጻፈ ብዙ ልጆች ዩኒቨርሲቲ ገብተዋል፤ እሱ ከእነሱ አንዱ ይሆናል። መታወቂያው ግን በቦታው የነበረውን እውነተኛ ነገር ገፍቶ ነው የገባው። ከዚያ በኋላ ስለማላውቀው ነገር ሲነግረኝ ሁሉ እጠራጠራለሁ። መጽሐፉን ጨረስኩት፤ ግን ከልጁ ጋር አልነበርኩም።

ስለዚህ ጠብታ፣ ወይራ ሥርን ተዪው። እሱ አያስጨንቀኝም። ባዶ ቦታ ላይ የፈለግሽውን ፍጠሪ። የነበረውን ግን አታስነሺ።

የቀበና ልጅ
ስለ ሰፈሩ እኔም ልጨምር። ፈጥረሽ ደግ አደረግሽ። ታሪኩን ደጃች ውቤ ወይ እሪ በከንቱ ብታደርጊው፣ ባለሱቁ የእገሌ አባት፣ ጠጪው የእገሊት አጎት ነው ይባላል። በተለይ 1967ን የሚጽፍ ሰው ይህን ማሰብ አለበት። «ማን ማንን ጠቆመ» የሚል ነገር ከመጣ፣ እውነተኛ ሰፈር ውስጥ ያስቀመጥሽው ምናባዊ ጠቋሚ የእውነተኛ ሰው ስም ያጠፋል።

ግን ሰፈሩ የአዲስ አበባ ሰፈር ይምሰል። ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ ቀበና የሚሄድ ሰው ቁልቁለትና ዳገት አለበት፤ ግንፍሌ ወንዝ አለ። ክረምት ላይ ጭቃው ጫማ ያስወልቃል። ሀብታሙ አጥሩን በድንጋይ ሠርቶ ይኖራል፣ ደሃው ከአጥሩ ጎን በጭቃ ቤት ይኖራል፤ ተለያይቶ የሰፈረ ከተማ አይደለም። እድር አለ። አድራሻ የሚነገረው በሰው ስም፣ በቤተ ክርስቲያን፣ በዛፍ ነው። «ወይራ ሥር» የሚለው ስም ለዚህ ይሄዳል። «ግሪን ቪው» ብትይው ኖሮ አንደኛ ገጽ ላይ እተውሽ ነበር።

ባሕረ ሐሳብ
ጠብታ፣ አንድ ነገር ላሳስብሽ። መስከረም 1 ቀን 1967 ረቡዕ ነው። ንጉሡ የወረዱት በማግስቱ ሐሙስ ነው። ዶሮ ወጡ ረቡዕ ማታ ከቀረበ፣ በዚያ ዘመን በነበረ የኦርቶዶክስ ቤት ከባድ ነገር ነው።

ጠብታ
እንቁጣጣሽ ሆኖም? በዓሉ ጾሙን አይሽረውም?

ባሕረ ሐሳብ
አይሽረውም። የረቡዕና የዓርብ ጾም የሚሻረው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ያሉት 50 ቀናት፣ ሁለተኛው ልደትና ጥምቀት ረቡዕ ወይም ዓርብ ሲውሉ። እንቁጣጣሽ እዚህ ውስጥ የለም። ረቡዕ ከዋለ ሽሮውና አተር ክኩ፣ ስልጆው ይቀርባል። ዶሮው ለሐሙስ ይቆያል።

የሚገርመው ደግሞ ተቃራኒው ነው። ግንቦት 7 ቀን 1966ም ረቡዕ ነበር። የዚያ ዓመት ፋሲካ ሚያዝያ 6 ስለዋለ፣ ቀኑ ከ50ዎቹ ውስጥ ይወድቃል። ሹፌርሽን ያን ቀን ሥጋ ቤት አስገብተሽ ክትፎ ብታበዪው፣ ነቃፊ አንባቢ «ረቡዕ እኮ ነው!» ብሎ ይነሳል። ግን አንቺ ትክክል ነሽ። እንዲህ ሲሆን የሚጠቅመው አንድ ትንሽ ፍንጭ ነው። አስተናጋጁ «እድሜ ለበዓለ ሃምሳ» ቢል በቂ ነው። አንባቢው ጸሐፊዋ እንደምታውቅ ይረዳል።

ሁሉም ሰው ይጾም ነበር እያልኩ አይደለም። የማይጾም ሰው በየዘመኑ አለ። ግን ረቡዕ ማታ ጎረቤት በተሰበሰበበት ዶሮ ወጥ የሚያቀርብ ቤት፣ በዚያ ዘመን መነጋገሪያ ነው። አንዲት አሮጊት እጃቸውን መሰብሰብ አለባቸው። አንዱ አይቶ እንዳላየ መሆን አለበት። በዝምታ የሚያልፍ ነገር አይደለም።

የመርካቶ ልጅ
እኔ ደግሞ ስለ ጨረቃዋ። በ1967 ረመዳን የገባው ከእንቁጣጣሽ በኋላ ሳምንት ሳይሞላ ነው። ስለዚህ የመስከረም 1 ማታ የሸዕባን መጨረሻ ላይ ነን። ወር ሊያልቅ ቀናት ሲቀሩት ጨረቃ የምትወጣው ሊነጋ ሲል ነው፤ እሷም ቀጭን ሆና። ባልና ሚስቱ ከምሽቱ 4 ሰዓት ይሁን 5 ሰዓት ወደ ቤት ሲሄዱ ጨለማ ነው።

በነገራችን ላይ የጨረቃ ነገር ከባድ አይደለም። ረመዳን፣ ዒድ፣ ፋሲካ መቼ እንደዋሉ ካወቅሽ ጨረቃዋ ሙሉ ትሁን ባዶ መገመት ትችያለሽ። ጎረቤቶችሽ መካከል አንድ የእስላም ቤት ካለ ደግሞ፣ በዚያ ሳምንት ለረመዳን መዘጋጀት ጀምረዋል። ቤቱ ውስጥ የራሱ ግርግር አለ።

ነጻ ብዕር
ይኸው! ገና ሦስት ሰው ሳይናገር ዶሮውም ጨረቃውም ተወሰደ። እንግዲህ ምን ቀራት?

ሲልቨር ስፕሪንግ
ከሩቅ አገር ሆኜ እከታተላችኋለሁ። እኔም አንድ እርማት አለኝ። በንጉሡ ዘመን ገንዘቡ ዶላር ነው የሚባለው። ብር የመጣው በደርግ ነው። ስለዚህ ሹፌሩ ገቢውን በብር መቁጠር የለበትም።

ነቃሽ
ወንድሜ፣ ይህ የተለመደ ስህተት ነው። ኖቱ በእንግሊዝኛው በኩል «የኢትዮጵያ ዶላር» ይል ነበር። በአማርኛው በኩል ግን ያኔም ብር ነው። በ1969 ኖቱ ሲቀየር የተለወጠው የእንግሊዝኛው ስምና የንጉሡ ምስል ነው። የአዲስ አበባ ሹፌር ብር፣ ሽልንግ፣ ስሙኒ ብሎ ነው የሚቆጥረው።

ጠብታ፣ ይህን ልብ በዪ። ነቃፊ አንባቢ ሁልጊዜ ልክ አይደለም። አስተያየት በመጣ ቁጥር ረቂቅሽን አትቀይሪ። መጀመሪያ አጣሪ። ልክ ሆነሽ አንባቢው የሚጠራጠርበት ቦታ ካለ፣ እዚያ ላይ አንድ ተጨማሪ ዝርዝር አስገቢ። ስሙኒዋ እጁ ላይ ትታይ።

ሲልቨር ስፕሪንግ
አመሰግናለሁ፣ ይህን አላውቅም ነበር። የቴሌቪዥኑ ምስል ጥቁርና ነጭ መሆኑ ግን አያከራክርም መሰለኝ? ቀለም የመጣው በ1977፣ የአብዮቱ 10ኛ ዓመት ሲከበር ነው።

ነቃሽ
አያከራክርም።

ዛጉዌ
ክሩን ላስፋው። የእኔ ታሪክ በቅዱስ ላሊበላ ዘመን ነው፣ ከ800 ዓመት በፊት። ጠብታ የምትጠይቀው ሰው አላት። እኔ ማንን ልጠይቅ? ባዶው ቦታ እጅግ ሰፊ ነው። ታዲያ እንደ ልቤ መፍጠር እችላለሁ ማለት ነው?

ደጋና ቆላ
ሰፊ ነው፤ ግን ግድግዳ አለው። እኔ የግብርና ባለሙያ ነኝ። የጥንት ታሪክ ሳነብ መጀመሪያ የማየው ማሳውንና ማዕዱን ነው።

በላሊበላ ዘመን በርበሬ የለም። በርበሬ፣ ድንች፣ በቆሎ፣ ቲማቲም ሁሉም መነሻቸው አሜሪካ ነው። ኮሎምቦስ ገና ሊወለድ ከ200 ዓመት በላይ ይቀራል። ድንች እንዲያውም እስከ አፄ ቴዎድሮስ ዘመን ቆይቶ ነው የመጣው። ያመጣውም ሺምፐር የሚባል ጀርመናዊ ነው። ቀይ ወጥ አንተክትከህ ለድንጋይ ጠራቢዎቹ ካቀረብክ መጽሐፉን እዘጋለሁ። ኮረሪማ ግን አለህ፣ ሰናፍጭ አለህ፣ ማር አለህ፣ ጤፍ አለህ።

ባህር ዛፍም የለም። እሱ የገባው በአፄ ምኒልክ ጊዜ፣ በ1880ዎቹ ነው። ስለዚህ የላስታ ተራራ ላይ ጥድና ወይራ ይቁም። ቡናም ተጠንቀቅ። የደጋው ክርስቲያን እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ቡናን የእስላም ነው ብሎ አይጠጣም ነበር። ሦስት ስኒ ቡና ይዞ የሚመርቅ ቄስ በዚያ ዘመን ውስጥ ሳይ አሁን የመጣ ሰው ይመስለኛል።

ወቅቱም አለ። ጤፍ በሐምሌ ይዘራል፣ ከኅዳር ጀምሮ ይታጨዳል። ይህ በየትኛውም ንጉሥ ዘመን አይቀየርም። አደይ አበባ በሚያዝያ አይፈነዳም። ፀሐይም እንዲሁ። በአገራችን ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙ ሳትርቅ ትጠልቃለች፣ ወዲያው ይጨልማል። «ረጅሙ የበጋ ምሽት» የሚል ነገር ሳይ ጸሐፊው ከውጭ መጽሐፍ እንደወሰደው አውቃለሁ።

ዛጉዌ
ይህ በጣም ጠቀመኝ። ግን ባለታሪኮቼ የዛሬ አማርኛ ይናገራሉ። እሱንስ?

ነቃሽ
እሱን ማንም አይከስህም። በዚያ ዘመን እንዴት እንደሚነገር ብትጽፍ አንባቢ አይገባውም። ይህ በአንተና በአንባቢ መካከል ያለ ስምምነት ነው። ስምምነቱ የሚፈርሰው ወጥ ካልሆነ ነው። አንዱ ገጽ ላይ ንጉሡ በግዕዝ ቃና ሲናገር ቆይቶ፣ ሌላው ገጽ ላይ ጭፍራው «ችግር የለም፣ ቴንሽን አትፍጠር» ካለ ያበቃለታል።

መሣሪያም ተመልከት። ለአንተ አይሆንም፣ ግን ለሚያነቡ ሌሎች ልንገር። የአፄ ቴዎድሮስን ወታደሮች ውጅግራ የሚያስይዙ አሉ። ንጉሡ መቅደላ ላይ የሞቱት ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ነው። ውጅግራ የፈረንሳዩ ግራ ጠመንጃ ነው። እሱ የተሠራው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሞዴሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የ1874 ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ
የቅርቡም ዘመን ያሳስታል። በ1998 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ያሉ ፍቅረኞች በሞባይል የጽሑፍ መልእክት የሚጣሉበት ታሪክ አንብቤያለሁ። ከምርጫ 97 በኋላ የጽሑፍ መልእክት አገልግሎት ተዘግቶ እስከ ሚሊኒየሙ አልተከፈተም ነበር። ያን ጊዜ የኖረ ሰው ሁሉ ያስታውሰዋል። የሚያሳዝነው፣ ያ ዝምታ ለፍቅር ታሪክ እንዴት ይጠቅም ነበር! ልጅቷ መደወል ካልደፈረች በምን ትነግረዋለች?

የድሮ ሰው
ልጆቼ፣ ስትነጋገሩ ቆይቼ አነበብኩ። በ66 ዓ.ም. የደረስኩ ልጃገረድ ነበርኩ።

ጠብታ፣ ስለ ቴሌቪዥኑ ማታ ያልሽው ልክ ነው። ፊልሙን ያሳዩት የዚያን ማታ ነው። የእንግሊዝ ጋዜጠኛ የቀረጸውን የወሎ ረሃብ ከቤተ መንግሥቱ ግብዣ ጋር እያቀያየሩ አሳዩ። ቴሌቪዥን ያለው ቤት በሰፈር ጥቂት ነው። ልጆች መሬት ላይ፣ ትልልቆች ወንበር ላይ፣ የተረፈው በመስኮት ነው የሚያየው። የቤቱ ባለቤት ደግሞ አይቶ የማያውቀውን ሰው ሁሉ ያስተናግዳል። የእኛ ቤት ሰው ፊልሙ ሲያልቅ አልተነጋገረም። ያ ዝምታ ዛሬም አለኝ።

አሁን የምነግርሽ ግን ከዚህ ይከብዳል። መጽሐፍሽ ኅዳር 1967 ላይ ያልቃል ብለሻል። ኅዳር 14 ልትደርሺ ነው ማለት ነው። ያን ሌሊት የተገደሉት ባለሥልጣናት ልጆች አላቸው፤ ብዙዎቹ በሕይወት አሉ። ከዚያ በኋላ በ69 እና በ70 ያለቁት ወጣቶችም እናት፣ ወንድም፣ እህት ትተው ነው የሄዱት። እኔ ወንድሜን ያጣሁት በዚያ ነው። አስከሬኑን አላየንም።

አንባቢው ለምን እንዲህ ነቃፊ ሆነ ስትሉ እሰማለሁ። ብዙዎቻችን መቃብር የለንም። ያለን ትዝታ ነው። ቀኑ፣ የለበሰው ሹራብ፣ በየትኛው መኪና እንደወሰዱት፣ ይህ ነው የቀረን። አንድ ጸሐፊ መጥቶ ቀኑን ሲያዛባው፣ ከቀረችን ላይ የወሰደብን ይመስለናል። እና እለምንሻለሁ፣ የሹፌርሽን ኀዘን እንደ ልብሽ ፍጠሪ። ስማቸው የሚታወቅ ሰዎች በመጨረሻዋ ሰዓት ተናገሩ የምትይውን ቃል ግን አትፍጠሪ። ልጆቻቸው ያነቡታል።

ነጻ ብዕር
እናቴ፣ አክብሬ ልጠይቅዎ። ታዲያ ስለ ንጉሡም፣ ስለ ደርግም ልብ ወለድ አይጻፍ ማለት ነው? የታወቀ ሰው አፍ ካልተነካ፣ ትልቁ ታሪክ ለታሪክ ጸሐፊ ብቻ ይቀራል። እኔ የምፈራው ይህን ነው። ያላየነውን እንድናይ የሚያደርገን ልብ ወለድ ነው።

የድሮ ሰው
ይጻፍ ልጄ። እኔም እንዲጻፍ ነው የምፈልገው። የምለው፣ ከየት ቆማ እንደምታይ ታስብበት ነው። እኛ ተራ ሰዎች ቤተ መንግሥት ውስጥ አልነበርንም። እኛ ያየነው ከመንገድ ዳር ነው። የመንገድ ዳሩን የጻፈው ሰው ጥቂት ነው።

ነቃሽ
እማማ የተናገሩት ለጠብታ ትልቅ ስጦታ ነው። ባለታሪክሽ የታክሲ ሹፌር ነው አይደል? ሐሙስ ጠዋት ንጉሡን ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር የወሰዷቸው በቮልስዋገን ነው። ይህን አንቺ ፈጥረሽው ቢሆን ማንም አያምንሽም ነበር። «የነገሥታት ንጉሥ በዚያች ትንሽ መኪና? ጸሐፊዋ ምሳሌ ልትሠራ ነው» እንላለን። እውነት ስለሆነ ነው የምንቀበለው።

የአንቺ ሰው ግን መኪና ያውቃል። ቀኑን ሙሉ ፊያት 600 ውስጥ የሚውል ሰው ነው። የዚያች ቮልስዋገን የኋላ መቀመጫ እንዴት እንደሚገባበት፣ የፊቱ ወንበር እንዴት እንደሚታጠፍ ያውቃል። ንጉሡ ምን እንዳሰቡ መፍጠር አያስፈልግሽም። እሱ መንገድ ዳር ቆሞ «እንዴት አጎንብሰው ገቡ?» ብሎ ያስብ። በጎኑ ያሉት «ሌባ! ሌባ!» ይጮኻሉ። እሱ ይጩህ አይጩህ የአንቺ ነው። እዚያ ላይ ማንም ሊያርምሽ አይችልም።

ነጻ ብዕር
ይህን እቀበላለሁ። ግን አሁንም እላለሁ፤ ጠብታ መጀመሪያ ኩርፊያውን በደንብ ጽፋ ትጨርስ። ዝርዝሩ በሁለተኛው ረቂቅ ይመጣል። ባዶ ኩርፊያ ላይ ትክክለኛ ጨረቃ ብታወጪ ምን ዋጋ አለው?

ባሕረ ሐሳብ
እኔ በዚህ አልስማማም። አንዳንዱ ዝርዝር ቆይቶ የሚለጠፍ አይደለም። ረቡዕ መሆኑ ምዕራፉን ከሥሩ ይቀይረዋል። ቀድማ ብታውቅ ይሻላል።

ጠብታ
ከትናንት ጀምሮ የጻፋችሁትን ደጋግሜ አነበብኩ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እማማ፣ የጻፉልኝን ለብቻው ገልብጬ አስቀምጬዋለሁ። ኅዳር 14ን ከሹፌሩ ቤት አላስወጣውም። ወሬው እዚያ ይድረስ። ከዚያ በላይ አልሄድም።

የመስከረሙ ምዕራፍ እንዲህ እየሆነልኝ ነው። ረቡዕ ማታ ቴሌቪዥን ባለበት ቤት የጾም ምግብ ነው የቀረበው። ፊልሙ የረሃብ ነው፣ ትሪው ላይ ያለው ሽሮ ነው። ሹፌሩ ዶሮውን ከቀናት በፊት ገዝቶታል። እቤታቸው ጓሮ ታስሯል፣ ለሐሙስ። ፊልሙ ካለቀ በኋላ በጨለማ ይወርዳሉ። መንገዱ ጭቃ ነው፣ መብራት የለውም። ተኳርፈዋል፤ ግን ካልተያያዙ ይወድቃሉ። በጨረቃ ስጽፈው ለየብቻ ነበር የሚሄዱት። አሁን እጅ ለእጅ ተያይዘው ነው የሚኳረፉት። ይህን እኔ ብቻዬን ብሆን አላገኘውም ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ሚስቱ ሽንኩርት ልጣ አቁላልታ ትጠብቃለች። የንጉሡ መውረድ በሬዲዮ ይነገራል። እሱ ታክሲውን ትቶ በእግሩ ይወጣል።

የድሮ ሰው
ጎሽ ልጄ! ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። እሱ ከወጣ ዶሮውን ማን ያርዳል? በዚያን ጊዜ ሴት አታርድም። በር ላይ ወጥታ የሚያልፍ ወንድ ነው የምትለምነው። ያን ቀን ደግሞ ወንዱ ሁሉ ወጥቷል።

የመርካቶ ልጅ
ጎረቤቷ እስላም ከሆነ እሱ ቤት ሊኖር ይችላል፤ ለረመዳን የሚሰናዳ ሰው ነው። ግን እሱ ቢያርድላት አይበሉትም። የእሷም ለእሱ እንደዚያው ነው። ሁለቱም ይህን ያውቃሉ። ሊረዳት እየፈለገ የማይችልበት ብቸኛ ነገር ይህ ነው። ሌላውን ሁሉ ያደርግላታል። ውኃ ያስቀዳላታል፣ ልጁን ልኮ አራጅ ያስፈልግላታል።

የቀበና ልጅ
ልጁን ወደ ግንፍሌ በኩል ይላከው። ዋናው መንገድ ላይ ሰው ስለሚበዛ በዚያ በኩል ይፈጥናል።

ባሕረ ሐሳብ
አራጁ «በስመ አብ» ብሎ ነው የሚያርደው። የሚገኘው ልጅ ትንሽ ቢሆንም ክርስቲያን ወንድ ከሆነ ይሆናል። የ13 ወይ የ14 ዓመት ልጅ አርዶ የማያውቅ ሊሆን ይችላል። እዚያ ላይ ታሪክ አለሽ።

ጠብታ
የራሷ ትልቁ ልጅ 13 ዓመቱ ነው! እስካሁን በመጽሐፉ ውስጥ ምንም ሲያደርግ አላየሁትም ነበር። እሱ ነው የሚያርደው። ጎረቤታቸው አጥሩ ማዶ ቆመው እንዴት እንደሚይዘው በቃል ይነግሩታል፤ እጃቸውን አይሰዱም። አባትየው ሲመለስ ወጡ እሳት ላይ ነው፣ ያየውን ግን ለማንም አይናገርም።

እማማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ሬዲዮው በዚያ ሰዓት በግቢው ሁሉ ይሰማ ነበር ወይስ ሰዎች ጆሯቸውን አስጠግተው ነው የሚሰሙት? ምዕራፉን በዚህ ሳምንት እጽፈዋለሁ። ከለጠፍኩት ያነቡልኛል?

የድሮ ሰው
በእኛ ግቢ ባለ ሬዲዮው መስኮቱን ከፍቶ ድምፁን ከፍ አደረገው። ሌላው ከየቤቱ ወጥቶ ቆሞ ሰማ። ላኪልኝ፣ አነበዋለሁ። ስህተት ካየሁም አልምርሽም።